ንፋስ የሚሉት ሰውዬ

ለምወድህና ለማከብርህ፣ ሰሞኑን ደግሞ ስልክ ለዘጋህብኝ ወንድምጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? ወገብህ እንዴት ነው? የብየዳው ብልጭታ ዓይንህን መቆጥቆጡን ተወው ወይስ አሁንም እንባህን እያፈሰስክ ነው የምትውለው? ጨጓራህስ? ምግቡ ይስማማሃል? ብረቱም፣ ፀሐዩም፣ አለቃህም እንዴት ይዘውሃል? እኔ በቀኝ እጄ ላይ ካሉት ዘጠኝ ስፌቶች፣ ከተፈነከተው ግንባሬና ከሚነቃነቀው የፊት ጥርሴ በቀር በጣም ደህና ነኝ። ጽሑፌ ከተንሻፈፈብህ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። በቀኝህ ስትጽፍም ያው ነበርክ እንዳትለኝ።

ልጅህ ይተነፍሳል። ይህን ከሁሉ በፊት የጻፍኩት፣ ተናደህ ወረቀቱን ብትቀድደው እንኳ ይህቺን መስመር አንብበህ እንድትቀድደው ነው።

አማትህ ደውለው ምን እንዳሉህ አውቃለሁ፤ ሲደውሉ አጠገባቸው ነበርኩ። «ወንድምህ አብዶ መስኮትህን ሰበረው፣ እሳት በተነብን፣ እኔን ጥሎ ክርኔን ሰበረኝ፣ ልጁን ለንፋስ ሰጠው» አሉህ። አንተም አንድ ቃል ሳትጠይቅ «ከቤቴ ይውጣልኝ!» ብለህ ጆሯቸው ላይ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ስልክህ ይነግርሃል። ስለዚህ ወደ እናንተ ብረት የሚያመላልሰውን ሾፌር ለምኜ ይህን ወረቀት ላኩልህ። አማትህ ከነገሩህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም፤ ክርናቸውን ወለም አላቸው እንጂ አልተሰበረም፣ የጨመሩት እሱን ብቻ ነው። ሰብሬያለሁ፣ በትኛለሁ፣ ጥያለሁ። የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ልጁ የታመመው መስኮቱ ከመሰበሩ በፊት ነው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤትህን ብታየው አታውቀውም። ልጁ ከቀኑ አንድ ወር ተኩል ቀድሞ እንደተወለደ ተነግሮሃል። በአንድ እጄ እሱን፣ በሌላው የምተኩስበትን ካውያ ይዤ መዝኜ ነበር፤ ካውያው ይከብዳል። አማትህ ይህን አይተው «ይህን ልጅ ንፋስ አንዴ ከመታው አለቀለት» አሉና ቤቱን ማሸግ ጀመሩ። መስኮቱ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ፕላስቲክ፣ በፕላስቲኩ ዳር ዳር ፕላስተር። የበሩ ሥር ባረጀ ብርድ ልብስ ተጠቀጠቀ። ክረምቱ ጨርቅ አላደርቅ ሲል የከሰሉ ምድጃ ወደ ውስጥ ገባ፤ የልጁ መጠቅለያዎች በላዩ በገመድ ተዘረጉ። ግንቡ የምንለው የባለቤትህ ወንድም ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ጭነት አውርዶ ሲመጣ፣ ከበሩ ውስጥ ቆሞ ሲጋራውን ያቦናል። አፉን ወደ ውጭ ስላዞረ ጭሱም አብሮት የዞረ ይመስለዋል። ላይ በላዩ ጠያቂው! እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ ይገባል፣ ልጁን ያነሳል፣ ይስማል፣ አፍንጫውን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ደግሞ ይስማል። እንዳይገባ የተከለከለው ንፋስ ብቻ ነበር።

እኔም አንድ ሁለቴ ቤቱ ታፈነ ብዬ ነበር። «እንፋሎት ውስጥ እየዋልክ ነው እንዲህ የሚያደርግህ» አሉኝ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ምን እንደሚከተል ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ክብሪት ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህ።

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው ነገሩ የፈነዳው። ልጁ ከሐሙስ ጀምሮ አፍንጫው ይዝረከረክ ነበር፤ ቅዳሜ ማሳል ጀመረ። እሑድ ጡት ሲሰጡት ሁለቴ ይስብና ይተወዋል፤ ደክሞት ነው፣ ይተኛ ተባለ። ጎንበስ ብዬ ልብሱን ገለጥኩት። ወንድምጋሼ፣ ያየሁትን ሳላሳምር ልንገርህ። በተነፈሰ ቁጥር በጎድኖቹ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። አያለቅስም። ማልቀሻ የሚሆን አየር አልነበረውም። በዚያች ክፍል ውስጥ ከእሱ ጋር ዘጠኝ ሰው ነበርን፤ ሁላችንም የእሱን አየር እየተሻማን ነበር የምንተነፍሰው።

መስኮቱን ክፈቱና ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩ። አማትህ አልጋው ፊት ቆመው «ንፋስ መትቶታል፤ አሁን ካወጣኸው በእጅህ ላይ ይቀራል፤ ላብ ይውጣለት» አሉ። ወደ መስኮቱ ስራመድ ግንቡ ከኋላ ማጅራቴን ጨመደደኝ። በክርኔ ጎኑን አገኘሁት፤ አልተሰማውም። ዞሬ በቴስታ አፍንጫውን አልኩት። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ ደሙ ሸሚዜ ላይ ተረጨ። እሱም በቡጢ መለሰልኝ፤ ጥርሴ የተነቃነቀው ያኔ ነው። ተያይዘን ምድጃው ላይ ወደቅን። ፍሙ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ምንጣፉ መጨስ ጀመረ፣ ጠያቂው እየጮኸ እርስ በርሱ ተራገጠ። እርጥብ መጠቅለያ ፊቴ ላይ ተጠምጥሞ እውር ሆኜ ስደናበር ካርቶኑን በእጄ አገኘሁት። ብቦጭቀው፣ ብቦጭቀው አልላቀቅ አለኝ። ከነካርቶኑ በቡጢ መታሁት። ከካርቶኑ ጀርባ መስታወት እንዳለ ረስቼው ነበር ብልህ ትስቃለህ፤ ሳቅ። እጄ እስከ ክርኔ ወደ ውጭ ወጣ፤ ስመልሰው ተተልትሎ ነው የተመለሰው።

አሁን አማትህ ጋ ደረስኩ። ሸሚዜን ከኋላ ይዘው ይጎትቱኝ ነበር። ገፋኋቸው። በግርግር ሳላውቅ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ ማን እንደሆኑ አውቄ፣ በእልህ ገፋኋቸው። የአልጋው ብረት ላይ በክርናቸው ወደቁ። እጄን ይቁረጠው። ግማሹን ቆርጦታል መሰለኝ።

ልጁን ከባለቤትህ ክንድ መንትፌ ወጣሁ። ከሁሉም ያልጮኸችው እሷ ብቻ ነበረች። ነጠላ ጫማዋን በአንድ እግሯ ብቻ እንዳደረገች ተከትላኝ ሮጠች፤ አስፋልቱ ላይ ደረሰችብኝና ልጇን ተቀበለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ጦርነት ጠበቀን። ሰው ላይ በላይ ታጭቋል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ግማሹ ይስላል። ከአጠገቤ ያለውን መስኮት ስከፍት ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ «ዝጋው እንጂ፣ ንፋስ ሊያስመታን ነው እንዴ?» አሉ። ዞሬ ልጁን አሳየኋቸው። «እኔስ ለማን ብዬ ነው!» አሉና በትከሻዬ ላይ እጃቸውን አሳልፈው ዘጉት። ከፈትኩት። ዘጉት። ሦስተኛ ስከፍተው በጃንጥላቸው ጫፍ ማጅራቴን ወጉኝ። ባለቤትህ፣ ያቺ ጎረቤት እንኳ ድምጿን የማያውቀው ሴት፣ ጃንጥላውን ነጥቃ ጉልበቷ ላይ ሰበረችውና በመስኮቱ ወረወረችው። ረዳቱ ከጃንጥላው አስከትሎ እኛን ሊወረውር ነበር። ሾፌሩ ግን በመስታወቱ የልጁን ከንፈር አይቶ ነው መሰል፣ የትም ሳይቆም እስከ ሆስፒታሉ በር ነዳው።

በሩ ላይ ባለቤትህን አሳለፏት፤ እኔን ጥበቃው ደረቴን ይዞ አቆመኝ። አልፈርድበትም። ሸሚዜ በግንቡ ደም፣ እጄ በራሴ ደም ታጥቧል፤ የልጁ ብርድ ልብስ ላይ ደግሞ የሁለታችንም ነበረበት። ላስረዳው አፌን ስከፍት አማትህ ከሌላ ታክሲ ወረዱ። ክርናቸውን አቅፈው «ልጃችን ተመታብን! ወይኔ ተመታብን!» እያሉ ወደ በሩ መጡ።

በእኛ አፍ ሰው አይታመምም፣ ይመታል እንጂ፤ አስተውለህ ታውቃለህ? ብርድ ይመታዋል፣ ንፋስ ይመታዋል፣ ምች ይመታዋል፣ ፀሐይ ይመታዋል። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው፣ በቆመጥ።

ጥበቃው የሰማው ተመታ የሚለውን ነው፤ ያየው ደግሞ እኔን። የመጀመሪያው ቆመጥ ትከሻዬ ላይ፣ ሁለተኛው ግንባሬ ላይ አረፈ። ተንበረከክሁ። ተራ የሚጠብቀው ሰው «ሕፃን ልጅ ይመታል? አንተ አውሬ!» እያለ በእርግጫ ተቀባበለኝ። አንዲት ሴት ለበሽተኛ ባመጣችው የምግብ ዕቃ ጀርባዬን ስትለኝ ክዳኑ ተከፍቶ ሾርባው አንገቴ ውስጥ ገባ፤ ትኩስ ነበር። ከዚያ በሁለት እግሬ ጎትተው የጥበቃ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዶሉኝ።

ጥበቃው ትንፋሹን ሰብስቦ አማትህን «እማማ፣ ልጁን የመታው ይሄ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?» አላቸው። አማትህ ቢቆጡም ሐቀኛ ናቸው። «ኧረ ልጁንስ የመታው ንፋስ ነው» አሉት። ጥበቃው ንፋስ የሰው ቅጽል ስም መሰለው። «የታለ ንፋስ? አብሯችሁ ነበር? መልኩ ምን ይመስላል?» እያለ መዝገብ ገለጠ፤ ለጓደኛውም «ንፋስ የሚሉት ሰውዬ አምልጧል፣ የኋላውን በር ያዝ!» ብሎ ጮኸ። ደሜ እያንጠባጠበ ሳቄን ለቀቅሁት። ሳቄ ሦስት ቆመጥ አስጨመረልኝ። አማትህ ቀጥለው «እኔን የመታኝ ግን ይሄ ነው» ብለው ክርናቸውን ሲያሳዩ ሁለት ተጨመረ። በሁለቷ ቅሬታ የለኝም።

ከዚያ ቆለፉብኝና ሄዱ። ከድብደባው ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ልጁ ይኑር፣ አይኑር የሚነግረኝ ጠፋ። በበሩ ክፍተት የሆስፒታሉ መግቢያ ይታየኛል፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ እያለቀሰ የወጣ ሁሉ የእኛን ሞት የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። ቆርቆሮውን በጭንቅላቴ መታሁት። የሚሰማ ሲጠፋ በትከሻዬ መታሁት።

ያስከፈተችልኝ ልጁን የተቀበለችው ነርስ ናት። ባለቤትህ ነግራት ነው። «እጁን ልስፋለት፣ ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ ታስሩታላችሁ» አለቻቸውና ወደ ውስጥ ወሰደችኝ። አማትህም ክርናቸው ሊታሰርላቸው እዚያው ተቀምጠዋል። አንተያይም። ነርሷ ቁስሌን እያጠበች፣ ልጁን የያዘው ቫይረስ ነው አለች፤ ሁላችንም ጉንፋን ብለን የምንንቀው ዓይነት። ትልቅ ሰው ላይ አፍንጫ አንጠባጥቦ፣ ጉሮሮ ከርክሮ ያልፋል። ሳንባው ሳይጠና ቀድሞ በተወለደ ጨቅላ ላይ ግን ትንንሾቹን የአየር ቧንቧዎች እያሳበጠ ይደፍናቸዋል። የሚገድለው መድኃኒት የለንም፤ አክታውን እየመጠጥን፣ ኦክስጅን እየሰጠን፣ በቱቦ እየመገብን፣ ራሱ ታግሎ እስኪጥለው ድረስ እንደግፈዋለን አለች።

አማትህ «ንፋስ እኮ ነው ልጄ» ብለው ጀመሩ። ነርሷ ቀና ሳትል «እማማ፣ ንፋስ ማንንም አልመታም። ጭስ መትቶታል። የታፈነ ቤት መትቶታል። የሚያስል ሰው ሲደራረብበት፣ ባልታጠበ እጅ ሲያነሳው፣ አፉን ሲስመው መትቶታል» አለቻቸው። አማትህ አንገታቸውን ደፉ። እውነቱን ልንገርህ፣ በውስጤ ጮቤ ረገጥኩ። ከሰሉም፣ ካርቶኑም፣ የግንቡ ሲጋራም፣ ጠያቂውም አንድ በአንድ ሲፈረድባቸው ስሰማ መርፌው እንኳ አላመመኝም። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ነርሷ ክሩን ቆርጣ «ከሁሉ ቀድሞ ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ሳል ወጣኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ይዞኝ ነበር። የመተኮሻ ክፍላችንን አይተኸው አታውቅም። አሥራ አንድ ሰው የሆቴል አንሶላ ሲተኩስ የሚውልበት ጠባብ ክፍል ነው። አቧራ ነጩን እንዳያቆሽሽ ተብሎ መስኮቱ በጣውላ ተመትቶ በሚስማር ታሽጓል። ከጎኔ የሚሠራው፣ ጡሩምባ የምንለው፣ ሳምንቱን ሙሉ አንሶላው ላይ ሲያስል ነበር። አሞኛል ብሎ የቀረ ሰው በማግስቱ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ያገኛል፤ ስለዚህ እኛ ጋ ማንም አያመውም። እኔንም አላመመኝም። ከሥራ እመለሳለሁ፣ በዚያው እጄ ልጁን አነሳዋለሁ፣ አንገቱ ሥር፣ አፉ ላይ እስመዋለሁ። ያን ሳምንት በየቀኑ ስሜዋለሁ። ልጅህን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ወንድምጋሼ። ከዚያ ቤት በቡጢ ሳልነካው የቀረሁት እሱን ብቻ ነበር፤ የባሰውን የቀመሰው ግን እሱ ነው።

አማትህ ተነሱና በደህናው እጃቸው በጥፊ አጮሉኝ። ነርሷ አልከለከለቻቸውም። እፎይ አልኩ ብልህ አታምነኝም። ይደግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልደገሙም። ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ነርሷ ለሁለታችንም የፊት መሸፈኛ ሰጥታን ከክፍሉ አባረረችን።

ስድስት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መተንፈስ አቆመ። ባለቤትህን ገፍተው አስወጧት፤ ሁለት ሐኪሞች እየሮጡ ገቡ። በመስታወቱ በኩል አየሁ። አንዱ ውስጥ እግሩን ይመታዋል፣ ጀርባውን ይፈትገዋል፤ ሌላው አፍንጫውና አፉ ላይ ጭንብል ደፍቶ በላስቲክ ከረጢት አየር ይጨምቅበታል። ያ መዳፍ የማይሞላ ልጅ አልጋው ላይ ይንገላታል። እድሜዬን ሙሉ ሰው ስመታና በሰው ስመታ ኖሬ፣ «ምቱት! በደንብ ምቱት!» ብዬ የለመንኩት ያኔ ብቻ ነው። አማትህ አጠገቤ ቆመው የተሰፋውን እጄን ይዘው ይጨምቁታል። ስፌቱ ተበጥሶ ደሙ በጣታቸው መሃል ሲወርድ እሳቸውም አላዩት፣ እኔም አላስለቀቅኳቸው። ከዚያ ልጅህ ሳል ወጣው። ቀላ። አማትህ እጄን ሲለቁ ነው ያመመኝ።

ጥበቃው ነገሩን ከሰማ ወዲህ ስገባ ስወጣ ብድግ ብሎ ነው የሚያሳልፈኝ። መዝገቡ ላይ ግን አሁንም ንፋስ የተባለ ተጠርጣሪ ይፈለጋል የሚል ጽሑፍ አለ፤ መሰረዝ ያስጠይቀኛል አለኝ። አማትህም ቢሆኑ የዋዛ አልሆኑም። ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ኮሪደሩ ላይ ስታስነጥስ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ደረጃው ድረስ አሳደዷት። አንዴ ጀርባዋ ላይ አግኝተዋታል።

ልጁ ቀና ባለ ማግስት ሥራ ቦታ ሄጄ ጡሩምባን በአንገቱ ይዤ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ካውያው በቅርብ ነበር፤ ግሏል፤ ዓይኔ ወደዚያ ሄዶ እንደነበር አልደብቅህም። «ልጃችንን ልትገድለው ነበር» አልኩት። እየታነቀ «የኔም ልጅ ሆስፒታል ተኝታለች» አለኝ። ከማን እንደያዘው ስጠይቀው ከሚኒባስ ይሁን፣ ከዚሁ ክፍል ይሁን እንዴት አውቃለሁ አለ። አንገቱን ለቀቅሁት። ከዚያ ወዲያ ማንን እንደምመታ ጠፋኝ። ክፍሉን ዞሬ ባይ ያልሳለ ሰው የለም። ጡሩምባ ፌሮ ብረት አምጥቶ አንዱን ጫፍ ሰጠኝና መስኮቱ ላይ የተመታውን ጣውላ አብረን ነቀልነው፤ በእልህ ስንስበው ከነፍሬሙ ወጣ። አለቃችን አበደ። ሁለት ሳምንት ዓይናችሁን እንዳላይ ብሎ አባረረን። እስክንድን ቤታችን ዋሉ ማለቱ ነው፤ ሳያውቀው ጽድቅ ሠራ።

ልጅህ ከትናንት ወዲያ ቤቱ ገባ። ነርሷ ስትሸኘን የነገረችንን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «ሳንባው ገና ቁስል ነው። በነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ሌላ ጉንፋን ከያዘው የሚሸከምበት አቅም የለውም፤ መልሳችሁ ብታመጡትም ላንደርስለት እንችላለን።» እኔ ከዚህ ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር የለም አሁን። ከሰሉ ወጥቷል። ግንቡ መንገድ ተሻግሮ ነው የሚያጨሰው፤ አፍንጫው ተጣሞ ስለቀረ ጭሱ በአንድ በኩል ብቻ ይወጣል። አማትህ ግን ከሳል ጋር ቢጣሉም ከንፋስ ጋር አልታረቁም። ካርቶኑን መልሰው ሊለጥፉ ሲነሱ ባለቤትህ ፕላስተሩን ነጥቃ በጥርሷ ቦጫጨቀችው። አሁን ሲነጋ ትከፍተዋለች፣ ዞር ስትል ይዘጉታል። ካንተ በቀር የማንንም ቃል አይሰሙምና አንተ ንገራቸው። ልጁን በደንብ ይጠቅልሉት፣ ክፍሉ ግን ይተንፍስ። ስለ ክርናቸውም እኔ በጉልበቴ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ «እናየዋለን» ብለውኛል።

እኔ ከቤትህ ወጥቻለሁ። አንተ ስላልክ አይደለም፣ ስለሚያስለኝ ነው። ሾፌሩ ጎማ የሚያስቀምጥባትን ክፍል ሰጥቶኛል። ይኸው ሾፌር ነው ዛሬ የነገረኝ፦ ፈቃድ ተቀብለህ ቅዳሜ በእሱ መኪና ልትመጣ ነው። ደስ ሊለኝ ሲል ሌላውን ጨመረልኝ። ሃያ ሆናችሁ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ነው የምትተኙት፤ ሃያችሁም ትስላላችሁ፤ አንተማ ድምፅህ ተዘግቷል አለ።

ወንድምጋሼ፣ አሁን ስማኝ። እየሳልክ ከመጣህ በቀጥታ ወደ ጎማው ክፍል ና። ሁለት ፍራሽ አንጥፌያለሁ፤ አብረን እንሳል። ሳሉ ለቆህ፣ አፍንጫህ ደርቆ ቀናት ሲያልፉ፣ ያኔ ታጥበህ ትገባለህ። ልጅህን አይተኸው አታውቅም፤ ደጁ ላይ ደርሶ መመለስ አንጀት እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። «አባቱ እኮ ነኝ» ትላለህ። በርህ ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግከኝ አንተ ነህ፤ በሕይወቴ እጄን አንስቼበት የማላውቀው ሰው አንተ ብቻ ነህ። ልግባ ብለህ ከገፋኸኝ ግን አነሳብሃለሁ። ግራ እጄ ደህና ነው። እመታህና እግርህ ላይ ወድቄ አለቅሳለሁ፤ ከፈለግክ ከዚያ በኋላ ወንድሜ አይደለህም በለኝ። በሩን ግን አታልፍም።

አብረውህ ለሚበይዱት ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ሲስሉ ፊታቸውን ያዙሩ። አማትህ ሰላም በልልኝ ባይሉኝም፣ ለአንተ የሹራብ ኮፍያ ሲሠሩልህ አይቻለሁ፤ ንፋስ እንዳይመታህ መሆኑ ነው። ግንቡ እጅ ነስቷል፤ በአፍንጫው ስለሚናገር ምን እንዳለ ግን በትክክል አልገባኝም። ልጅህ ይኸው ጡቱን ሳያቋርጥ መሳብ ጀምሯል፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስቴ ጠግቦ ተኝቷል። ባለቤትህ ደብዳቤውን በበሩ ላይ ሆና፣ እኔ ከግቢው ውጭ ቆሜ ሳነብላት፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ናፍቆቷን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። «ይህንንም ጨምርበት» አለች፦ «በግራ እጁ ካቃተው እኔ አለሁ።»

የሚወድህ ታናሽህ
ክብሪት

ከጎማው ክፍል፣ ነሐሴ 21 ቀን